የፖሊመር ሰንሰለት ቀለበት ሲሠራ የሚከፈለው የኢንትሮፒ ዋጋ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ይህ ገጽ የቀለበት ኪሳራን በወረቀት ለሚያሰሉ፣ በኮምፒውተር ለሚያስመስሉና በላብራቶሪ ለሚለኩ ሰዎች የተዘጋጀ ነው። ሎጋሪዝሙን ከሞላ ጎደል ሁሉም ሰው በትክክል ይጽፈዋል፤ መልሱን የሚያበላሸው አጠገቡ የሚቀመጠው ቋሚ ቁጥር ነው። ስለዚህ ሰፊውን ማብራሪያ ለእሱ ሰጥተናል።

በቀመሮቹ ውስጥ ቁ የአንጓዎች ብዛት፣ ር የአንድ አንጓ ርዝመት፣ ሎግ ደግሞ ተፈጥሯዊ ሎጋሪዝም ነው። ኬቲ የምንለው የቦልትዝማን ቋሚ በፍጹም ሙቀት ሲባዛ የሚገኘውን የኢነርጂ መጠን ሲሆን፣ በ25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ 0.593 ኪሎካሎሪ በሞል ወይም 2.48 ኪሎጁል በሞል ይሆናል።

ምንም ቦንድ ሳይሰበር ቀለበት መሥራት ለምን ዋጋ ያስከፍላል?

ፈሳሽ ውስጥ ያለ ልል ሰንሰለት በየቅጽበቱ ቅርጹን ይለዋውጣል። ከእነዚህ እጅግ ብዙ ቅርጾች መካከል ሁለቱ ጫፎች የተገናኙባቸው ጥቂቶቹ ብቻ ናቸው። ቀለበቱን ዘጋነው ማለት የቀሩትን ቅርጾች በሙሉ ከለከልናቸው ማለት ነው። ኢንትሮፒ የቅርጾች ብዛት ሎጋሪዝም በቦልትዝማን ቋሚ ሲባዛ ስለሆነ፣ ኪሳራው ጫፎቹ በራሳቸው የመገናኘታቸው ዕድል ሎጋሪዝም ይሆናል፤ ምልክቱም ነጌቲቭ ነው። የተሳበ ምንጭ ወይም የታጠፈ ዘንግ ስለሌለ በዚህ ስሌት ውስጥ የሰንሰለቱ ኢነርጂ አይለወጥም፤ የሚለወጠው ኢንትሮፒው ብቻ ነው። ለዚህም ነው የነጻ ኢነርጂ ዋጋው ከፍጹም ሙቀት ጋር ቀጥተኛ በሆነ መንገድ የሚያድገው።

ዋናው ቀመር የቱ ነው?

ራሱን የማይገፋ (ክፍሎቹ እርስ በርስ ቦታ የማይከለካከሉ) ረጅም ሰንሰለት የጫፍ ለጫፍ ርቀቱ የጋውስ ስርጭትን ይከተላል። አማካይ የርቀት ስኩዌሩ ቁ × ር² ነው። ጫፎቹ አንድ ቦታ ላይ የመገኘታቸው እፍጋት እንዲህ ይሰላል፦

እፍጋት = (3 ÷ (2 × ፓይ × ቁ × ር²))፣ ይህ በሙሉ አርቢው 1.5 ሆኖ

ይህን ጫፎቹ «ተገናኙ» በሚባልበት ትንሽ ይዘት፣ ማለትም በመገናኛ ይዘቱ ብናባዛው ዕድሉን እናገኛለን። ሎጋሪዝሙን ስንወስድ ኪሳራው 1.5 × ሎግ(ቁ) ሲደመር አንድ ቋሚ ቁጥር ይሆናል፤ መለኪያው ኬቲ ነው።

በቁጥር እንየው። 100 አንጓ ያለውና እያንዳንዱ አንጓ 1.5 ናኖሜትር የሆነ ሰንሰለት እንውሰድ። አማካይ የርቀት ስኩዌሩ 225 ካሬ ናኖሜትር፣ የተለመደው የጫፍ ርቀት 15 ናኖሜትር ነው። 3ን ለ2 × ፓይ × 225 ስናካፍል 0.00212 ይመጣል፤ አርቢውን 1.5 ስናደርገው 0.0000978 በኪዩቢክ ናኖሜትር ይሆናል። ጫፎቹ በ1 ናኖሜትር ራዲየስ ውስጥ ከገቡ ተገናኙ ካልን የመገናኛ ይዘቱ 4.19 ኪዩቢክ ናኖሜትር ነው። ዕድሉ 0.00041፣ ኪሳራው 7.8 ኬቲ፣ በ25 ዲግሪ 4.6 ኪሎካሎሪ በሞል።

ሰንሰለቱን በእጥፍ ብናስረዝመው የሚጨመረው 1.04 ኬቲ ብቻ ነው። በ10 እጥፍ ብናስረዝመው 3.45 ኬቲ ይጨመራል። ርዝመት ዋጋውን ከፍ የሚያደርገው በጣም በዝግታ ነው፤ ይህን ልብ በሉ፣ ቀጥሎ ካሉት ስህተቶች ጋር ይነጻጸራል።

ቁ የሚቆጠረው በሞኖመር ነው ወይስ በሌላ?

በኩን አንጓ ነው። የኩን አንጓ ማለት ሰንሰለቱ የቀድሞ አቅጣጫውን ረስቶ በነጻነት የሚዞርበት ርዝመት ነው፤ ለአንድ ወጥ ተጣጣፊ ሰንሰለት የፐርሲስተንስ ርዝመት (ሰንሰለቱ አቅጣጫውን ጠብቆ የሚሄድበት ርዝመት) ሁለት እጥፍ ይሆናል። ፖሊኤቲሊን ወደ 1.4 ናኖሜትር፣ ፖሊስታይሪን ወደ 1.8 ናኖሜትር፣ ባለ ሁለት ክር ዲኤንኤ 100 ናኖሜትር (300 ቤዝ ጥንድ ገደማ) አለው። ባለ አንድ ክር ዲኤንኤ በጨው መጠን ይለያያል፤ መካከለኛ ጨው ውስጥ 1.5 ናኖሜትር መውሰድ ይቻላል።

አማካይ የርቀት ስኩዌሩንና ሙሉ በሙሉ የተዘረጋውን ርዝመት ካወቃችሁ አንጓውን ከሠንጠረዥ መፈለግ አያስፈልግም። ስኩዌሩን ለተዘረጋው ርዝመት ስታካፍሉ ር ይወጣል፤ የተዘረጋውን ርዝመት ስኩዌር ለአማካይ ስኩዌሩ ስታካፍሉ ቁ ይወጣል።

እዚህ ላይ የሚሠራው ስህተት የዋህ ይመስላል፣ መዘዙ ግን ትልቅ ነው። የካርቦን ቦንዶችን ቆጥሮ፣ በቦንድ ርዝመት ስኩዌር አባዝቶ፣ እንደ ነጻ ሰንሰለት ማስላት ማለት ነው። ፖሊኤቲሊን ከእንዲህ ዓይነቱ ግምት ይልቅ አማካይ ስኩዌሩ 7.4 እጥፍ ይበልጣል። በመገናኘት ዕድሉ ላይ ልዩነቱ 7.4 አርቢ 1.5፣ ማለትም 20 እጥፍ፣ በኪሳራው ላይ 3 ኬቲ ነው። ሰንሰለቱን በ7.4 እጥፍ ከማስረዘም እኩል ነው።

የመገናኛ ይዘቱን ስንት ልውሰድ?

ብዙ ጥያቄ የሚመጣው በዚህ ላይ ነው፤ መምጣቱም ተገቢ ነው። ከላይ ባለው ምሳሌ ራዲየሱን ከ1 ወደ 0.5 ናኖሜትር ብናወርደው ይዘቱ በ8 እጥፍ ያንሳል፣ ኪሳራው 2.08 ኬቲ ይጨምራል። ይህ ሰንሰለቱን በ4 እጥፍ ከማስረዘም ጋር እኩል ነው። አንድ ሰው የርዝመቱን ውጤት እስከ ሁለተኛ አሃዝ አስልቶ ራዲየሱን በግምት ካስገባ የልፋቱ ግማሽ ከንቱ ይሆናል።

የምንመክረው ይዘቱን ጨርሶ አለመገመት ነው። በምትኩ ውጤታማ ኮንሰንትሬሽንን አስሉ። አንዱ ጫፍ ሌላውን የሚያየው በዙሪያው በምን ያህል ሞላር እንዳለ ሆኖ ነው? እፍጋቱን በኪዩቢክ ናኖሜትር ካገኛችሁ በኋላ ለ0.602 አካፍሉት፤ ምክንያቱም 1 ሞላር ማለት 0.602 ሞለኪውል በኪዩቢክ ናኖሜትር ነው። ለምሳሌያችን 0.0000978 ÷ 0.602 = 0.00016 ሞላር፣ ማለትም 0.16 ሚሊሞላር።

አሁን ሁለቱ ጫፎች ከሰንሰለቱ ተለይተው ለየብቻ ፈሳሽ ውስጥ ቢገቡ የሚኖራቸውን የመለያየት ቋሚ (ግማሾቹ ተጣምረው ግማሾቹ ተለያይተው የሚገኙበትን ኮንሰንትሬሽን) ከዚህ ቁጥር ጋር አነጻጽሩ። የመለያየት ቋሚው 0.16 ሚሊሞላር ከሆነ ሰንሰለቱ ግማሽ ጊዜውን ተዘግቶ ያሳልፋል። 1 ማይክሮሞላር ከሆነ የተዘጋው ከተከፈተው 160 እጥፍ ይሆናል፣ ማለትም ከ99 በመቶ በላይ ዝግ ነው። የጫፎቹ መጠን፣ ቅርጽ፣ አቅጣጫ የሚጠይቁት ዋጋ ሁሉ በተለካው የመለያየት ቋሚ ውስጥ ስላለ እንደገና መገመት አያስፈልግም።

ይህ መንገድ የሚከሽፈው ማያያዣው አጭር ሲሆን ነው። ያኔ ሰንሰለቱ ጫፎቹን በተወሰነ አቅጣጫ ብቻ ያመጣቸዋል፤ ነጻ ሞለኪውሎች የነበራቸው የመዞር ነጻነት አይኖራቸውም፣ ስለዚህ አቅጣጫው ለብቻ መታሰብ አለበት።

ከሌሎች ጽሑፎች ቁጥር ስትወስዱ መነሻ ሁኔታውን ተመልከቱ። በ1 ሞላር መነሻ የተሰጠ የኢንትሮፒ ለውጥ አንድ ሞለኪውል በ1.66 ኪዩቢክ ናኖሜትር ውስጥ እንዳለ ይቆጥራል። በሌላ መነሻ ከተሰጠ ቁጥር ጋር ሳያስተካክሉ መደመር ወይም መቀነስ ፊዚክስ የሌለው ልዩነት ይፈጥራል።

ለፕሮቲን ዳይሰልፋይድ ድልድይ የሚጠቀሙበት «2.1» ከየት መጣ?

ዳይሰልፋይድ ድልድይ በሁለት የሰልፈር አተሞች መካከል የሚሠራ፣ የፕሮቲን ሰንሰለትን ሁለት ቦታዎች የሚያያይዝ ቦንድ ነው። የተለመደው ቀመር የኢንትሮፒ ለውጥ = −2.1 − 1.5 × 1.987 × ሎግ(የአሚኖ አሲድ ብዛት) የሚለው ነው፣ መለኪያው ካሎሪ በሞል በኬልቪን። 2.1 የተፈጥሮ ቋሚ አይደለም። የአንድ አሚኖ አሲድ ርቀት 3.8 አንግስትሮም፣ የመገናኛ ይዘት 57.9 ኪዩቢክ አንግስትሮም (ዲያሜትሩ 4.8 አንግስትሮም የሆነ ሉል) አድርጋችሁ በላይኛው ቀመር ብታሰሉ ራሳችሁ ታገኙታላችሁ። ስሌቱ እያንዳንዱ አሚኖ አሲድ ራሱን የቻለ ነጻ አንጓ ነው ብሎ እንደሚጀምርም አስተውሉ፤ እውነተኛው የፕሮቲን ሰንሰለት ከዚያ የጠነከረ ነው።

ሪቦኑክሊዬዝ ኤ የተባለው ፕሮቲን 124 አሚኖ አሲድና አራት ድልድዮች አሉት። ከ65 እስከ 72 ያለው ትንሹ ቀለበት 8 አሚኖ አሲድ ስላለው ቀመሩ በ25 ዲግሪ ወደ 2.5 ኪሎካሎሪ በሞል ይሰጣል፤ ከ40 እስከ 95 ያለው ደግሞ 56 ስላለው ወደ 4.2 ይሰጣል። ይህ ድልድዩ ያልታጠፈውን ሁኔታ በኢንትሮፒ ምን ያህል እንደሚያደኸየው የሚያሳይ ግምት ነው። የፕሮቲኑ ጽናት በዚያው ልክ ጨመረ ብሎ መደምደም ግን ችግር አለው፤ ድልድዩ ከተቆረጠ በኋላ የታጠፈው ቅርጽም ይለዋወጣልና። አራቱን ድልድዮች ለየብቻ አስልቶ መደመርም አይፈቀድም፤ ምክንያቱ ከታች ስለ ብዙ ቀለበቶች በተባለው ውስጥ አለ።

አርቢው 1.5 ነው፣ 1.76 ነው፣ 1.92 ነው? ሁሉም ጋ የተለያየ ቁጥር አየሁ።

ሁሉም ትክክል ናቸው፣ የሚመልሱት ጥያቄ ግን ይለያያል።

1.5 ራሱን ለማይገፋ ሰንሰለት ነው። በቴታ ሟሟ (የሰንሰለቱ ክፍሎች መሳሳብና መገፋፋት በሚቻቻሉበት ሟሟ) ውስጥና በቀለጠ ፖሊመር ውስጥ ላለ ቀጥ ያለ ሰንሰለት ይሠራል፤ በቀለጠው ውስጥ ጎረቤት ሰንሰለቶች የራስ ግፊቱን ይጋርዱታል።

በጥሩ ሟሟ ውስጥ ሰንሰለቱ ራሱን ስለሚሸሽ መጠኑ በቁ አርቢ 0.588 ያድጋል። የዝግ ቀለበት ቅርጾች ብዛት ላይ 3 × 0.588 = 1.76 የሚለው አርቢ ይመጣል። ነገር ግን ይህ ቀለበቱን ከክፍት ሰንሰለት ጋር ገና አላነጻጸረም። ክፍት ሰንሰለት በጥሩ ሟሟ የራሱ ማባዣ አለው፣ ቁ አርቢ 0.157። ጫፎቹ የመገናኘት ዕድል የሁለቱ ንጽጽር ስለሆነ 1.76 + 0.157፣ ወደ 1.92 ይሆናል። የተዘጋውን ከክፍቱ ጋር የምታወዳድሩ ከሆነ መያዝ ያለባችሁ 1.92 ነው።

ቀለበቱ ከረጅም ሰንሰለት መሃል ከሆነ ደግሞ በሁለቱም በኩል የተንጠለጠሉት ጅራቶች ስለሚገፉት አርቢው ከ2 ያልፋል። ባለ ሁለት ክር ዲኤንኤ ሲቀልጥ መሃል ላይ ለሚፈጠረው አረፋ በ2000 የወጣው የካፍሪ፣ የሙካሜልና የፔሊቲ ስሌት 2.12 አካባቢ ሰጥቷል። የዲኤንኤን መቅለጥ በሚገልጸው የፖላንድና ሼራጋ ሞዴል ውስጥ ይህ ትንሽ ልዩነት ትልቅ ነገር ይወስናል። አርቢው 1 ወይም ከዚያ በታች ከሆነ የምዕራፍ ሽግግር የለም፤ ከ1 በላይ እስከ 2 ድረስ ሽግግሩ ቀጣይ ነው፤ ከ2 ካለፈ መቅለጡ በአንዴ የሚዘል ይሆናል።

ለዕለት ተዕለት ስሌት ግን አትጨነቁ። ከ10 ወደ 100 አንጓ ስንሄድ በ1.5 እና በ1.92 መካከል የሚመጣው ልዩነት 0.97 ኬቲ ብቻ ነው። የመገናኛ ራዲየስን በግማሽ መሳት ከዚህ ሁለት እጥፍ ይጎዳል።

በገጽታ ላይ ተጣብቆ በሁለት አቅጣጫ ብቻ ለሚንቀሳቀስና ራሱን ለማይገፋ ሰንሰለት አርቢው 1 ነው።

ጄኮብሰንና ስቶክማየር 2.5 የሚሉትስ?

በ1950 የወጣው ሥራቸው የሚጠይቀው ሌላ ነገር ነው። ሰንሰለቶች ያለማቋረጥ በሚበጠሱበትና በሚቀጠሉበት ድብልቅ ውስጥ ቁ አሃድ ያላቸው ቀለበቶች ስንት ይሆናሉ? 1.5 ከመዘጋቱ ይመጣል። ተጨማሪዋ 1 ደግሞ ቀለበቱን በቁ የተለያዩ ቦታዎች መክፈት ስለሚቻልና ሁሉም ወደ አንድ ዓይነት ሰንሰለት ስለሚመለሱ ነው። አንድን የተወሰነ ሰንሰለት በሁለት የታወቁ ጫፎቹ የምትዘጉ ከሆነ ይህችን 1 አትጨምሩ።

የዚህ ሥራ ተግባራዊ ጥቅም ቀለበት በሚያመርቱ ላብራቶሪዎች ይታያል። ቀለበት ከፈለጋችሁ የጫፎቹ ኮንሰንትሬሽን ከውጤታማ ኮንሰንትሬሽኑ በጣም ማነስ አለበት። ለ0.16 ሚሊሞላሩ ሰንሰለት በ1 ሚሊሞላር ብትሠሩ ጫፎቹ በብዛት የሚያገኙት የጎረቤትን ጫፍ ነው። በ0.01 ሚሊሞላር ከ10 አንድ በታች ብቻ ወደ ጎረቤት ይሄዳል። ሙሉውን መጠን በአንዴ ከማቅጠን ይልቅ ሰንሰለቱን በቀስታ ወደ ሪአክሽኑ ማንጠብጠብ ሟሟ ይቆጥባል፤ የሚሠራው ግን መዘጋቱ ከማንጠብጠቡ ከፈጠነና የማይመለስ ከሆነ ነው።

የአርኤንኤ ፕሮግራሞች ለቀለበት የሚያስገቡት ቁጥር ንጹህ ኢንትሮፒ ነው?

አይደለም። የአርኤንኤ መታጠፍ ኢነርጂዎችን በሚዘረዝረው የተርነር 2004 ሠንጠረዥ የፀጉር መቆንጠጫ ቀለበት (ክሩ በራሱ ላይ ታጥፎ ሲጣመር ጫፉ ላይ የሚቀረው ቀለበት) መነሻ ዋጋ በ37 ዲግሪ ለ3 ኑክሊዮታይድ 5.4፣ ለ4 5.6፣ ለ6 5.4፣ ለ9 6.4 ኪሎካሎሪ በሞል ነው። ቁጥሮቹ ከቅልጠት ሙከራ የተገኙ ስለሆኑ የመጠማዘዝና የቤዝ መደራረብ ኢነርጂ ተቀላቅሎባቸዋል። ከ3 እስከ 9 ድረስ ሎጋሪዝማዊ መስመር የማይታየውም ለዚህ ነው። ከ9 በላይ ያለው የሚሰላው 6.4 + 1.75 × 0.616 × ሎግ(ብዛት ÷ 9) በሚል ነው (0.616 በ37 ዲግሪ የኬቲ ዋጋ ነው)፤ ለ30 ኑክሊዮታይድ 7.7 ይደርሳል።

ሙሉ በሙሉ አዴኒን የሆነ ቀለበት ተመሳሳይ ርዝመት ካለው የታይሚን ወይም የዩራሲል ቀለበት ይልቅ ለመዘጋት ይከብደዋል። የአዴኒን ቤዞች እርስ በርስ ተደራርበው ሰንሰለቱን ስለሚያጠነክሩት፣ ለመታጠፍ መደራረቡ መፍረስ አለበት። ይህ የኢነርጂ ዋጋ ነው፤ በኢንትሮፒ ቀመር ውስጥ አትፈልጉት።

ሰንሰለቴ አጭርና ጠንካራ ነው። ቀመሩ ይሠራል?

ከጥቂት የኩን አንጓ በታች አይሠራም። ቀመሩ አጭር ቀለበት ርካሽ ነው ይላል፤ እውነቱ ግን አጭር ሰንሰለት ለመታጠፍ ኢነርጂ ይጠይቃል። ፍጹም ክብ ለማድረግ የመታጠፍ ኢነርጂው 2 × ፓይ² × የፐርሲስተንስ ርዝመት ÷ የሰንሰለቱ ርዝመት ነው፣ በኬቲ። 100 ቤዝ ጥንድ ያለው ዲኤንኤ 34 ናኖሜትር ርዝመትና 50 ናኖሜትር ፐርሲስተንስ ስላለው 29 ኬቲ ይወጣበታል። ጫፎቹ ትይዩ ሆነው መገናጠም ካላስፈለጋቸውና የእንባ ጠብታ ቅርጽ ከተፈቀደ ወደ 21 ኬቲ ይወርዳል።

ረጅም ሲሆን ኢንትሮፒው ይከብዳል፣ አጭር ሲሆን መታጠፉ ይከብዳል። ስለዚህ መዘጋት የሚቀልበት መካከለኛ ርዝመት አለ፤ ለባለ ሁለት ክር ዲኤንኤ 500 ቤዝ ጥንድ አካባቢ ነው። ለ3000 ቤዝ ጥንድ፣ ማለትም ለ10 የኩን አንጓ፣ የጋውስ ቀመሩ ወደ 17 ናኖሞላር ውጤታማ ኮንሰንትሬሽን ይሰጣል።

ከ500 በታች ስትወርዱ የክሩ ጥምዝም ይመጣል። ዲኤንኤ በ10.5 ቤዝ ጥንድ አንድ ዙር ስለሚጠመዘዝ፣ ርዝመቱ የዙሩ ሙሉ ብዜት ካልሆነ ጫፎቹ ለመግጠም ክሩን ማጠማዘዝ አለባቸው። አምስት ቤዝ ጥንድ መጨመር ብቻ የመዘጋት ዕድሉን በብዙ ሊያወርደው ይችላል፤ ይህን ውጣ ውረድ ሾርና ባልድዊን በ1983 በሙከራ አሳይተዋል።

የዲኤንኤ ጫፎችን በሚያያይዘው የሊጌዝ ኢንዛይም ስትለኩ የኢንዛይሙ መጠን ዋና ጉዳይ ነው። ልኬቱ ትክክል የሚሆነው ጫፎቹ ብዙ ጊዜ ተገናኝተው ተለያይተው፣ ሊጌዙ አልፎ አልፎ ብቻ ሲይዛቸው ነው። ሊጌዙ ከበዛ ጫፎቹ ገና ሚዛን ላይ ሳይደርሱ የተገናኙትን ሁሉ ያትማል፣ ቁጥሩም ሚዛኑን መናገሩ ይቀራል። በ2004 ክላውቲየርና ዊዶም 94 ቤዝ ጥንድ ያለው ዲኤንኤ ከሚጠበቀው በላይ ይዘጋል ባሉ ጊዜ የተነሳው ክርክር አንዱ መሠረቱ ይኸው ነበር። ማጣሪያው ቀላል ነው፤ የሊጌዙን መጠን በግማሽ ቀንሳችሁ ድገሙት። የክቡና የድርቡ (የሁለት ሰንሰለቶች ተያያዥ) ምርት የመነሻ ፍጥነት ንጽጽር ከተለወጠ መጠኑ ገና ብዙ ነው።

ሁለትና ከዚያ በላይ ቀለበቶች ሲኖሩ ዋጋቸውን ልደምር?

ቀለበቶቹ ጎን ለጎን ከሆኑና የጋራ አንጓ ከሌላቸው አዎ። ከተደራረቡ አይቻልም።

አንድ ሰንሰለት ቦታ 1 እና 100 ላይ ተዘግቷል እንበል። አሁን 10 እና 90ን ልናገናኝ ነው። ለብቻው ቢሆን 80 አንጓ ስላለው 1.5 × ሎግ(80) ይከፍል ነበር። ነገር ግን ከ10 ወደ 90 በሌላ በኩል፣ በ1 እና በ100 መገናኛ አልፎ፣ 19 አንጓ ብቻ የሆነ መንገድ ተከፍቷል። ሁለቱ መንገዶች አብረው ሲታሰቡ ውጤታማው ርዝመት 80 × 19 ÷ 99፣ ወደ 15.4 አንጓ ነው። ሁለተኛው መገናኛ ከተጠበቀው 2.5 ኬቲ ያህል ረከሰ። መገናኛዎች አንዱ ሌላውን እየረዳ እንደ ዚፕ የሚዘጉት በዚህ ምክንያት ነው።

ለማንኛውም ቁጥር የሚሆን አሠራር አለ። በእያንዳንዱ መገናኛ አንድ ረድፍና አንድ ዓምድ ያለው ማትሪክስ ሥሩ። ዲያጎናሉ ላይ የየቀለበቱን የአንጓ ብዛት፣ ከዲያጎናሉ ውጭ ሁለቱ ቀለበቶች የሚጋሩትን የአንጓ ብዛት ጻፉ። የሁሉም መገናኛ ጥቅል ዋጋ 1.5 × ሎግ(የማትሪክሱ ዲተርሚናንት) ሲደመር ለእያንዳንዱ መገናኛ አንድ ቋሚ ነው። ከላይ ባለው ምሳሌ 99፣ 80፣ የጋራው 80 ስለሆነ ዲተርሚናንቱ 1520 ይወጣል፤ ለ99 ሲካፈል ያው 15.4።

ተሻጋሪ ቀለበት ላይም ሞክሩት። 1 ከ60፣ 40 ከ100 ቢገናኙ ዲያጎናሉ 59 እና 60፣ የጋራው 20 ነው። ዲተርሚናንቱ 3140፣ ያለ መጋራት ቢሆን 3540፤ ቁጠባው 0.18 ኬቲ ብቻ። ዲተርሚናንቱ ዜሮ ከወጣ አንዱ መገናኛ ከሌሎቹ የተነሳ በራሱ የተሟላ ነው ማለት ነው፤ ከዝርዝሩ አውጡት። ዘዴው ራሱን የማይገፋ ሰንሰለትን ብቻ እንደሚመለከት አትርሱ፤ በጣም በተጨናነቀ መዋቅር ውስጥ የቦታ ጥበት ሒሳቡን ይለውጠዋል።

በሲሙሌሽን እንዴት ልለካው?

መጀመሪያ መልሱ በሚታወቅ ነገር ፕሮግራማችሁን ፈትኑ። ርዝመታቸው 1 የሆነ 100 አንጓዎችን በዘፈቀደ አቅጣጫ ደምሩ፣ የጫፍ ርቀቱ ከ1 በታች የሆነበትን ጊዜ ቁጠሩ። ዕድሉ 0.00136 አካባቢ መውጣት አለበት። ንጹሁ የጋውስ ቀመር 0.00138 ይሰጣል፤ ቀሪው ልዩነት አንዱ ክፍሉ ከአንጓው ብዛት ውሱንነት (1 − 0.75 ÷ ቁ የሚል እርማት)፣ ሌላው ከራዲየሱ ስፋት ነው። አንድ ሚሊዮን ናሙና ወደ 1360 መገናኘት ስለሚሰጥ ስህተቱ 3 በመቶ ገደማ ይሆናል። ውጤቱ ከዚህ በጣም ከራቀ የአቅጣጫ አመራረጡን ተመልከቱ። ከዋልታ የሚለካውን አንግል ከ0 እስከ 180 ዲግሪ እኩል መምረጥ አንጓዎቹን ወደ ዋልታዎቹ ያከማቻል፤ እኩል መመረጥ ያለበት ኮሳይኑ ነው፣ ከ−1 እስከ 1።

ቀጥሎ ወደ እውነተኛው ሞዴል። ዕድሉ 0.0004 ከሆነና 5 በመቶ ስህተት ካስፈለገ 400 ነጻ መገናኘት፣ ማለትም አንድ ሚሊዮን ያህል ነጻ ቅርጽ ያስፈልጋል። ሞለኪውላር ዳይናሚክስ ውስጥ ተከታታይ ፍሬሞች ነጻ አይደሉም። የጫፍ ለጫፍ ቬክተሩ ራሱን እስኪረሳ የሚወስደውን ጊዜ አስሉና ናሙናውን በዚያ ጊዜ ቁጠሩት። ይህ ጊዜ በቁ ስኩዌር ወይም ከዚያ በፈጠነ ሁኔታ ስለሚያድግ ረጅም ሰንሰለት ላይ ቀጥታ ቆጠራ አያዋጣም። ሚዛናዊ መጠን ብቻ የምትፈልጉና ሰንሰለቱ ነጠላ ከሆነ የፒቮት ሞንቴ ካርሎ ዘዴ (በዘፈቀደ በተመረጠ አንጓ ላይ የሰንሰለቱን አንድ ክፍል በአንዴ የሚያዞር) እጅግ ይፈጥናል።

ሌላው አማራጭ ጫፎቹን በሰው ሠራሽ ምንጭ በተለያየ ርቀት መያዝ ነው። ለ15 ናኖሜትሩ ሰንሰለት ከ0 እስከ 20 ናኖሜትር በየ1 ናኖሜትሩ መስኮት፣ ምንጩ 1 ኬቲ በካሬ ናኖሜትር ቢሆን ጎረቤት ሂስቶግራሞች በደንብ ይደራረባሉ። ከዚያ ዋም (WHAM) በሚባለው፣ ሂስቶግራሞችን መዝኖ ወደ አንድ ኩርባ በሚያዋህደው ዘዴ ይያያዛሉ።

በዚህ ደረጃ ደጋግሞ የሚታይ ስህተት አለ። የርቀት ሂስቶግራም ሎጋሪዝም ሲወሰድ ጫፎቹ ወደ 12 ናኖሜትር የሚስባቸው፣ ሲቀራረቡ ደግሞ የሚገፋቸው ኃይል ያለ ይመስላል። ግፊቱ ርቀቱ ሲጨምር የሉሉ ቆዳ ስለሚሰፋ ብቻ የመጣ ነው። የሂስቶግራሙን እያንዳንዱን ሳጥን ለ4 × ፓይ × ርቀት² ስታካፍሉት ይጠፋል፣ የጋውስ ኩርባውም ዜሮ ላይ ከፍተኛ ሆኖ ይታያል። ነገር ግን የመገናኘት ዕድሉን ለማግኘት እስከ መገናኛ ራዲየሱ ስትደምሩ ያልተካፈለውን ሂስቶግራም ተጠቀሙ። ሁለቱን ማደባለቅ በብዙ ኬቲ ያሳስታል።

በጠባብ ቦታ ወይም በሴል ኒውክሊየስ ውስጥስ?

ሰንሰለቱ በነጻነት ከሚይዘው ቦታ ያነሰ ክፍል ውስጥ ከታሰረ ረጅም ቀለበት ከዚህ በላይ አይወደድም። ጫፎቹ ክፍሉን ሁሉ ስለሚያዳርሱ ዕድሉ የመገናኛ ይዘት ለክፍሉ ይዘት ሲካፈል ይሆናል፣ የአንጓ ብዛት ከቀመሩ ይወጣል። አጫጭር ቀለበቶች ግን ግድግዳውን ስለማያውቁት በ1.5 ይቀጥላሉ።

በሰው ክሮሞሶም ላይ በ2009 የታተመው የሃይሲ (Hi-C፣ የትኞቹ የዲኤንኤ ክፍሎች እርስ በርስ እንደሚነካኩ የሚቆጥር ዘዴ) ልኬት ከ500 ሺህ እስከ 7 ሚሊዮን ቤዝ ጥንድ ባለው ርቀት የመገናኘት ዕድሉ በ1.08 አርቢ እንደሚወርድ አሳይቷል። ይህን ቁጥር ይዞ የቀለበት ኢንትሮፒ ማስላት አደገኛ ነው። በክሮማቲን (ዲኤንኤው ከፕሮቲኖች ጋር ተጠቅልሎ በሚገኝበት መዋቅር) ውስጥ ብዙ ቀለበቶችን የሚሠራው ኮሄሲን የተባለው ፕሮቲን የሴሉን የኢነርጂ ሞለኪውል ኤቲፒን እያቃጠለ ክሩን ይስባል፤ ሚዛን ላይ ያልደረሰ ሥርዓት ውስጥ የዕድል ሎጋሪዝም ነጻ ኢነርጂ አይሆንም።

ዋጋው ከፍ ያለ ቀለበት በዝግታ ይዘጋል ማለት ነው?

በግድ አይደለም። ዋጋው የሚወስነው የመዝጊያና የመክፈቻ ፍጥነት ንጽጽርን ነው። በዲኤንኤ የፀጉር መቆንጠጫ ላይ ቀለበቱ ሲረዝም የመዝጊያው ፍጥነት ይወርዳል፣ የመክፈቻው ፍጥነት ግን ብዙም አይነካም፤ ለመክፈት መሰበር ያለበት ግንዱ፣ ማለትም ቤዞቹ የተጣመሩበት ክፍል፣ ነውና። ግንዱን ሳይነኩ ቀለበቱን ብቻ በተለያየ ርዝመት መሥራትና ሁለቱንም ፍጥነቶች መለካት ኪሳራውን ከግንዱ ኢነርጂ ለመለየት ጥሩ መንገድ ነው። ልኬቱን ቢያንስ በአራት የሙቀት ደረጃዎች ድገሙት። በሁለት ርዝመቶች መካከል ያለው የነጻ ኢነርጂ ልዩነት ለፍጹም ሙቀት ሲካፈል በሁሉም ደረጃዎች አንድ ቁጥር ከሰጠ ኢንትሮፒ ነው፤ ሙቀቱ ከፍ ሲል ከቀነሰ የቀለበቱ መታጠፍ ወይም የቤዞቹ መደራረብ ተቀላቅሎበታል።